ሰው በመኪና አደጋ ሲሞትብን፦ ቀደር፣ ዲያና የካሳ ጥያቄ

 

ባለፈው ወር አንድ ወንድማችን አባቱን በመኪና አደጋ አጥቶ ለተዕዚያ ሄደን ነበር። ልጁ ስለ ካሳ አፉን እንኳ ሳይከፍት፣ ከተቀመጡት አባቶች አንዱ «ልጄ፣ ቀደር ነው። ደም አይሸጥም። ክስ የሚሉትን ነገር ተዉት» አሉት። ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ዝም አልን። እኔም ዝም አልኩ፤ ግን ስለተስማማሁ አልነበረም። ይኸው ንግግር ከጥቂት ዓመታት በፊት በእኛ ቤት ተነግሮ ምን እንዳስከተለ አውቃለሁ። በተዕዚያ ቤት ትልቅ ሰው ላይ መናገር ስለከበደኝ ነው ዝም ያልኩት። ለዚህ እትም ስለ ፀሐይ ኃይል ልጽፍ የጀመርኩትን ትቼ ይህን ያዝኩ።

አስቀድሜ ልናገር፦ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ እንጂ የሕግ ተማሪ አይደለሁም። የሕጉን ክፍል በሕግ ትምህርት ክፍል የሚማር ወንድማችን አይቶልኛል። የፊቅሁን ክፍል ደግሞ በልጅነቴ ቁርኣን ያስቀሩኝ ሸህ በስልክ አንብቤላቸው ሁለት ቦታ አርመውኛል።

የተወለድኩት አንኮበር ነው። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ የምናገረውን ይረዳል። በ2013 ዓ.ም አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ የአክስቴ ባል ከገበያ ሲመለስ፣ አህያውን እየነዳ በመንገዱ ዳር ሽቅብ ሲሄድ፣ ከላይ የመጣ ጭነት ያለው አይሱዙ መታው። ሾፌሩ አልሸሸም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብሎ እያለቀሰ ለፖሊስ እጁን ሰጠ። ሟቹን ሐኪም ሳያየው በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በፊት ቀበርነው። አራት ልጆች ነበሩት፤ ትልቋ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ትንሹ ገና የሚጠባ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የመኪናው ባለቤት ሽማግሌ ላከ። በእኛ አገር እንደተለመደው ከሁለቱም ሃይማኖት የተውጣጡ ነበሩ፤ ሸህም ቄስም ነበሩበት። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። የመጡት ደም ለማድረቅ፣ ቂም እንዳይኖር ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ባይኖር ስንት ቤት በበቀል ይጠፋ ነበር። 60 ሺህ ብር ተባለ፤ ወረቀት ተጻፈ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። ቤት ውስጥ አቀላጥፎ የሚያነበው እኔ ነበርኩ፤ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ከዚህ በኋላ በዚህ ጉዳይ በማንም ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ ላላነሳ ተስማምቻለሁ» የሚል ነበረበት። «ምን ማለት ነው?» ስትለኝ «እርቅ ሆነ ማለት ነው» አልኳት። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተን ፈረመች።

ገንዘቡ ለዕዳ፣ ለሰደቃና ለአንድ ዓመት ቀለብ ሆኖ አለቀ። ትልቋ ልጅ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቷን ትታ አዲስ አበባ ሰው ቤት ገባች።

ቀደርና ሐቅ

በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ጥያቄው ቀደር ነው ማለት ሐቅ የለም ማለት ነው ወይ የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት ሱረቱ ኒሳእ 92ኛውን አንቀጽ መክፈት ይበቃል። አንቀጹ የሚናገረው አስቦ ስለገደለ ሰው አይደለም፤ በስህተት ስለገደለ ሰው ነው። በዚያ ላይ አላህ (ሱ.ወ) ሁለት ነገር አድርጓል። አንደኛው በገዳዩና በጌታው መካከል ያለው ከፍፋራ ነው፤ ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያላገኘ ደግሞ ሁለት ወር በተከታታይ መጾም። ሁለተኛው ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ ዲያ ነው፤ ቤተሰቡ ራሱ ሰደቃ አድርጎ ካልተወው በስተቀር። እንግዲህ ያ አደጋ ቀደር መሆኑን ከአላህ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሱው ነው ዲያውን ያዘዘው።

ሸሁን «ደም አይሸጥም» ስለሚለው ጠየቅኳቸው። «አላህ የሰጠህን መቀበል መሸጥ አይባልም። መተውም ይቻላል፤ ግን የሚተወው ባለቤቱ ነው» አሉኝ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት እኔን የነካችኝ። ባለቤቱ ማን ነው?

ዲያ እንደ ውርስ ይከፋፈላል። በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የሆነ ነገር አለ፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ዑመር ዲያ ለአባት ወገን ዘመዶች ነው፤ ሚስት ከባሏ ዲያ አትወርስም የሚል አቋም ነበራቸው። ዘመዶቹ አባላቸው አጥፍቶ ቢገኝ ዲያውን የሚከፍሉለት እነሱ ስለሆኑ (ዓቂላ የሚባሉት ናቸው) አቋማቸው ምክንያት የሌለው አልነበረም። ኋላ ዶሕሓክ ኢብኑ ሱፍያን የተባሉ ሶሐባ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአሽየም አድ-ዲባቢን ሚስት ከባሏ ዲያ እንዲያወርሷት እንደጻፉላቸው ነገሯቸው። ዑመር ሐሳባቸውን ወዲያው ተዉ። ከሊፋ ሆነው ሳለ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ድርሻ ሲነገራቸው ተመለሱ።

ድርሻው የየወራሹ ከሆነ ይቅርታውም የየወራሹ ነው። አዋቂ የሆነ ወራሽ የራሱን ድርሻ አውፍ ማለት ይችላል፤ ትልቅ ምንዳም አለው። የሕፃኑን ድርሻ ግን አጎትም ሆነ እናት፣ ሽማግሌም ሆነ ኢማም በነፃ ሊተወው አይችልም። የየቲም ገንዘብ ጠባቂ ለየቲሙ የሚጠቅመውን እንጂ የሚጎዳውን የማድረግ ሥልጣን የለውም። የየቲምን ሀብት ስለሚበሉ ሰዎች በዚያው ሱራ 10ኛው አንቀጽ ላይ የተነገረውን ታውቁታላችሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

እኔን በግሌ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የበቀራ 282ኛው አንቀጽ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ውልና ስለ ጽሑፍ ነው። ውሉን ማስጻፍ የማይችል ደካማ ሰው ቢሆን ኃላፊው በትክክል ያስጽፍለት ይላል። መድረሳ ሳለን ይህን አንቀጽ በቃላችን ይዘነው ነበር። በዚያ ቀን ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለ እኔ መሆኑን አላወቅኩም።

«ፍሬን እምቢ አለኝ»

አሁን ወደ አገራችን ሕግ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ጉዳት የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2027 ይጀምራል። መርሁ ቀላል ነው፤ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይክሳል። ለመኪና ግን ሕጉ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ወይም የማሽኑ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው፤ ሲያሽከረክር የነበረው ሰው ፈቃድ ባይሰጠው እንኳ። የሚድነው በዚያ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም» ወይም «ምክንያቱ አይታወቅም» በማለት ከኃላፊነት እንደማይወጣ ይናገራል። ጉዳቱ በሟቹ በራሱ ጥፋት የደረሰ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል።

«ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚለው ቃል በገጠር ሽማግሌ ፊት ሁሉን ነገር ይዘጋል፤ ሾፌሩም ያሳዝናል። እኔ እንኳ ያኔ አሳዝኖኝ ነበር፤ አሁንም ያሳዝነኛል። ነገር ግን ፍሬን ያለ ምክንያት እምቢ አይልም። አሥር ቶን የሚመዝን መኪና መቶ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 9.8 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል፤ 30 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሾፌሩ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው ካላደረገ ያ ሁሉ ሙቀት የሚገባው ፍሬኑ ውስጥ ነው። አንኮበር ላይ ቁልቁለቱ መቶ ሜትር ብቻ አይደለም። ፍሬኑ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም። ስለዚህ ከ«እምቢ አለኝ» ጀርባ የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ስንት ኩንታል ተጭኖ ነበር? በስንተኛ ማርሽ ወረደ? ፍሬኑ መቼ ታየ? ሕጉ ይህን ሁሉ ባልቴቷ እንድታስረዳ አለመጠየቁ ነው ጥቅሙ። መኪናው የማን እንደሆነና ሰውየውን የገደለው ያ መኪና መሆኑን ካስረዳች ቀሪው ሸክም የባለቤቱ ነው።

የወንጀሉ ጉዳይ ለብቻው ይሄዳል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ያስቀጣል፤ እንደ ሾፌር የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ሊደርስ ይችላል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሾፌሩ ታስሯል ብሎ ይረካል፤ ወይም ሾፌሩ ነፃ ወጣ ሲባል ነገሩ አለቀ ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ልክ አይደለም። እስራቱ ለልጆቹ እንጀራ አይሆንም። በወንጀል ነፃ መባልም የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤቱን እንደማያስረው ቁጥር 2149 ይናገራል።

ቀጥሎ መድን አለ። ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 799/2005። በመስታወቱ ላይ የምታዩት ስቲከር ያ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ወስኖ ነበር። መጠኑ በደንብ ሊሻሻል የሚችል ስለሆነ የመድን ድርጅቱን በዕለቱ ያለውን መጠየቅ ነው። ዋናው ነገር ግን መድኑ የሚከፍለው ጣሪያ የባለቤቱ ኃላፊነት ጣሪያ አለመሆኑ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጉዳት ከባለቤቱ ይጠየቃል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ሲሆን ደግሞ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ።

ማን ይጠይቃል?

በቁጥር 2095 መሠረት የሟች ሚስት ወይም ባል፣ ወላጆችና ወደ ላይ የሚቆጠሩ፣ ልጆችና ወደ ታች የሚቆጠሩ በራሳቸው ስም ይጠይቃሉ። ይህ ከሚራስ ጋር አንድ አይደለም። ወንድምና እህት በፊቅህ ወራሽ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ በዚህ ቁጥር ግን አልተጠቀሱም። ፍርድ ቤቱ የሚፈርደውም በቀለብ መልክ ነው፤ ማለት ያ ሰው ቢኖር ኖሮ እያንዳንዱ ምን ያህል ያገኝ ነበር በሚል ስሌት። ስለዚህ ገና የሚጠባው ልጅ ከትልቋ ይልቅ ለብዙ ዓመት የሚቆጠርለት ቀለብ አለው። ወጥቶ አዳሪ ወይም ገበሬ የደመወዝ ወረቀት የለውም ብላችሁ አትተዉ፤ ምስክር፣ የቀበሌ ማስረጃ፣ የግብር ደረሰኝ ይሆናል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ቁጥር 2102 ፈቅዶለታል።

አንድ ነገር ለእኛ ለተማሪዎች፦ ሟቹ በሕይወት ሳለ በተግባር ይረዳቸው ያልነበረ ቢሆንም ጠያቂዎቹ ካሳ ከመጠየቅ እንደማይከለከሉ ያው ቁጥር 2095 ይናገራል። አላህ ይጠብቀንና፣ ከመካከላችን አንዱ ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገድ ላይ ቢሞት «ገና ተማሪ ነበር፣ ምን ያገኝ ነበር» ተብሎ እናቱ መመለስ የለባትም።

የኅሊና ጉዳት ካሳ የሚባል ደግሞ አለ፤ ለሐዘኑ ማለት ነው። ቁጥር 2116 ይህ ካሳ ከአንድ ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። በ1952 አንድ ሺህ ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከአንኮበር አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስና ምሳ ለመብላት ቢበቃ ነው። ስለዚህ በአገራችን የካሳ ክስ ክብደቱ ያለው በቀለቡ ስሌት ላይ ነው።

የመጋቢት 1 አውሮፕላን

የሞት ካሳ ጥያቄ ምን ያህል ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ያየነው በራሳችን አየር መንገድ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም እሑድ ጠዋት በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፣ በድምሩ 157 ሰዎች አለቁ። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ደግሞ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ 8 በኢንዶኔዥያ ላየን ኤር ሥር ሲበር ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር።

ምህንድስና የምትማሩ ይህን ጉዳይ ሳታነቡ እንዳትመረቁ። አውሮፕላኑ ላይ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር፤ አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ሲል ወደ ታች የሚገፋ። አፍንጫው ቀና ማለቱን የሚያውቀው ከነፋሱ ጋር ያለውን ማዕዘን ከሚለካ ዳሳሽ ነው። በአውሮፕላኑ ላይ ሁለት ዳሳሾች እያሉ ሶፍትዌሩ በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ ሲሳሳት ሶፍትዌሩ ተሳሳተ፤ አብራሪዎቹ ወደ ላይ ሲስቡ እሱ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከላየን ኤር አደጋ በፊት አብራሪዎች ስለዚህ ሶፍትዌር በመመሪያቸው ላይ አልተነገራቸውም። በሁለተኛ ዓመት «አንድ ነገር ሲበላሽ ሁሉም እንዳይበላሽ አድርጋችሁ ንደፉ» ተብለን የተማርነውን ትምህርት ነው ያን የሚያህል ኩባንያ የዘለለው።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ብዙ ቤተሰቦች ወደ 1.3 ቢሊዮን ሩፒያ፣ በጊዜው 90 ሺህ ዶላር ገደማ፣ ለመቀበል ወረቀት እንዲፈርሙ ተጠየቁ። ወረቀቱ አየር መንገዱን ብቻ ሳይሆን አውሮፕላኑን የሠራውን ኩባንያም እንዳይከሱ የሚያደርግ ነበር። በሐዘን ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ የአውሮፕላኑ ጥፋት ምን እንደሆነ ገና ያልታወቀበት ጊዜ ነው። አንዳንዶቹ ፈረሙ፣ አንዳንዶቹ እምቢ አሉ። ይህን ሳነብ አክስቴ ጣት ላይ ያለው ቀለም ነው የታየኝ። ጃካርታና አንኮበር ምን ያህል ይራራቃሉ፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ «በማንም ላይ»።

የበረራ 302 ሟቾች ቤተሰቦች ኩባንያውን በቺካጎ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። አስከሬን እንኳ ሙሉውን ያላገኙ፣ ከአደጋው ቦታ የተቃጠለ አፈር ተሰጥቷቸው የቀበሩ ቤተሰቦች ናቸው። በኅዳር 2014 ዓ.ም ቦይንግ ለአደጋው ኃላፊነቱን እንደሚወስድ በጽሑፍ ተስማማ። ቤተሰቦቹም በምትኩ የመቅጫ ካሳ ላይጠይቁ ተስማሙ። በዚህ ስምምነት ውስጥ ለእኛ አገር ሰዎች ትልቁ ነገር ኩባንያው «የውጭ አገር ቤተሰቦች በየአገራቸው ይክሰሱኝ» ብሎ እንደማይከራከር መቀበሉ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ የአሥራ ዘጠኝ ሃምሳ ሁለቱ አንድ ሺህ ብር ይጠብቃቸው እንደነበር አስቡት። በ2015 ደግሞ ዳኛው መንገደኞቹ በእነዚያ ስድስት ደቂቃዎች የደረሰባቸው ጭንቀት ለካሳው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ እንደሚችል ወሰኑ።

አብዛኞቹ ቤተሰቦች በምስጢር በተያዘ መጠን ተስማምተው ጨረሱ። በዳኞች ጉባኤ ፊት ቀርቦ የተፈረደው የመጀመሪያው ጉዳይ በኅዳር 2018 ነበር፤ ለአንዲት የተባበሩት መንግሥታት አማካሪ ቤተሰብ ከ28 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ስድስት ዓመት ከስምንት ወር ቆይቶ ማለት ነው። ከዚህ የምወስደው የዶላሩን ብዛት አይደለም፤ ያ የሌላ አገር ሕግ ነው። የምወስደው ቤተሰቦቹ ኩባንያው ገና በመጀመሪያው ዓመት ባቀረበው ገንዘብ ነገሩን አለመዝጋታቸውን ነው።

እኛም አገር ቢሆን ለሽያጭ የቀረበ ዕቃ በተለመደው አገልግሎቱ ሰው ቢጎዳ አምራቹ ተጠያቂ መሆኑን ቁጥር 2085 ይደነግጋል። የአንኮበር አይሱዙ ፍሬን ላይ የተገጠመው ዕቃ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም።

ከቀብር በፊትና በኋላ

ጀናዛን ማፋጠን ሱና ነው። ነገር ግን ሐኪም ሳያየው የተቀበረ ሰው በአደጋው ምክንያት መሞቱን ማስረዳት ኋላ ከባድ ይሆናል። ባለ መኪናው ጠበቃ «በሌላ ሕመም ሞቶ ይሆናል» ለማለት አፍታ አይፈጅበትም። ስለዚህ ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም ወስዶ ማስረጃ ማጻፍ ለየቲሙ ሐቅ የሚደረግ ጥበቃ ነው፤ ሸሁም ለዚህ ያህል መቆየት ችግር የለውም ብለውኛል። አስከሬኑ ይከፈት ከተባለ ቅሬታን ለፖሊሱና ለሐኪሙ በአክብሮት ማስረዳት ይቻላል።

የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሾፌሩን ስም፣ የመድን ስቲከሩን አንድ ሰው ወዲያው ይጻፍ። ስልክ ያለው ሰው ፎቶ ያንሳ፤ የሟቹን ሳይሆን የመኪናውን፣ የጎማውን ምልክትና የመንገዱን። የትራፊክ ፖሊስ ያነሳውን ፕላንና ሪፖርት ቁጥር ያዙ። የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከሊብሬው ነው፤ ሾፌሩና ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ።

ባሏ የሞተባት እህት ዒዳ ላይ ናት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን። ለአስፈላጊ ጉዳይ ቀን መውጣት እንደምትችል ዑለማዎች ይናገራሉ፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አትወጣም፤ የምትወጣበትም ልብ የላትም። ያኔ ነው የእኛ ሥራ። ወንድሟ ወይም የእህቷ ልጅ ውክልና ይዞ ይሮጥላት። የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ፣ ወገኖቹ ፈቅደው ከቀረቡ፣ ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊወጣ ይችላል። የካሳው ክስ ግን የሚቀርበው ለመደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ ጉዳቱ በደረሰበት ወይም ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ። ለእኛ ለምሳሌ ጎረቤላ ድረስ መሄድ ነው፤ ሩቅ አይደለም። የዳኝነት ክፍያ የማትችል በደሃ ደንብ ትከሳለች። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ በራችን ላይ እያለ የማናውቀው ነገር ነው።

ጊዜው ሁለት ዓመት ነው፤ ቁጥር 2143። አደጋው ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ያ የረዘመው ይያዛል፤ እሱን ተማምናችሁ ግን አትቀመጡ።

ሽማግሌ ሲመጣስ? ይምጣ፤ ይከበር። ሰላሙን ተቀበሉ፣ ቡናውን ጠጡ፣ ወረቀቱን ግን በዚያ ቀን አትፈርሙ። «ለሕግ አዋቂ እናሳየው» ማለት እርቅን መናቅ አይደለም። በወረቀቱ ላይ የልጆቹ ስም አለ ወይ? የሚሰጠው ገንዘብ የመድኑ ነው ወይስ የባለቤቱ? «በማንም ላይ» የሚለው ቃል ለምን ገባ? ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይህን ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ ይገባቸዋል።

ከወንድሞች የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ መድን ድርጅት የሚሰጠው ገንዘብ ሐላል ነው ወይ? በንግድ መድን ላይ የዑለማዎች ልዩነት የታወቀ ነው። የሟች ቤተሰብ ግን ውል የገባ ወገን አይደለም። የሚቀበለው በባለ መኪናው ላይ ያለውን ሐቅ ነው፤ መድኑ ስለ እሱ ይከፍላል። ሸሁ በዚህ መልክ ነው ያስረዱኝ፤ ልቡ ያልረጋ የራሱን ዓሊም ይጠይቅ።

የአክስቴ ነገር አልተቋጨም። ባለፈው ክረምት ወደ ነፃ የሕግ ድጋፍ ወሰድኳት። ወረቀቱን አሳየናቸው፤ የፈረመችው ለራሷ ብቻ ነው፤ የአራቱ ልጆች ስም የትም የለም። የልጆቹ ድርሻ በእርቁ ተነክቷል አልተነካም፣ ይርጋውስ አልፏል አላለፈም የሚለው ክርክር ገና ፍርድ ቤት ይጠብቀናል። እስካሁን ያለፈው አራት ወር የትራፊክ ፖሊሱን መዝገብ በማፈላለግ ነው። የሰሌዳ ቁጥሩን በዚያ ቀን የጻፍኩት በአሥራ አንደኛ ክፍል የሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ነበር፤ እናቴ ለማገዶ ካስቀመጠችው የወረቀት ክምር ውስጥ አገኘሁት።